ሰንጠረዡ ተቀይሯል፣ ፕሮሰሰሩ ግን አልሰማም፦ ቲኤልቢን ከከርነል ውስጥ የማጽዳት አሠራር

ትርፍ ጊዜዬን የምገፋባት አንዲት ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለችኝ። በአንድ ኮር ስትሠራ ሰላም ነበረች። በአራት ኮር ሳስነሳት ግን አልፎ አልፎ አንዱ ፕሮሰስ የሌላውን ዳታ ማንበብ ጀመረ። ሁሌም አይደለም። አንዳንዴ ብቻ፣ ያውም ስራ ሲበዛባት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ባጉ በግ ቢሆን ኖሮ ለፋሲካ አርጄው እገላገል ነበር።

የገጽ ሰንጠረዡን በኢሙሌተሩ ከፍቼ አየሁት። ልክ ነው። ደግሜ አየሁት። አሁንም ልክ ነው። ለካ ችግሩ ሰንጠረዡ ላይ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ቀደም ብሎ ገልብጦ የያዘው ትርጉም ላይ ነው። ያ የተገለበጠ ትርጉም የሚቀመጥበት ቦታ ቲኤልቢ ይባላል። መቼ፣ በምን ትዕዛዝና በምን ቅደም ተከተል እንደሚጸዳ ከታች እየተከተላችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

የማወራው ስለ 64 ቢት ኤክስ86፣ ማለትም ስለ ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ነው። ገጽ አከፋፈል የሚሠራበት፣ ማለትም ሜሞሪን ገጽ በሚባሉ ቁራጮች የሚያስተዳድር ከርነል እንዳላችሁ እቆጥራለሁ። ለመሞከሪያ ኪሙ የሚባለው ኢሙሌተር ይበቃል። ለባለብዙ ኮሩ ክፍል ደግሞ የየኮሩን ሎካል ኤፒክ (ኢንተራፕት መቀበያና መላኪያውን) አስነስታችሁ መጠበቅ አለባችሁ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ቲኤልቢ ምን ይዟል?

ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቨርቹዋል አድራሻን ነው። ሜሞሪው የሚያውቀው ፊዚካል አድራሻን ነው። መሃል ላይ የሚያስተረጉመው የገጽ ሰንጠረዥ ነው። የተለመደው ሰንጠረዥ አራት ደረጃ አለው። ከ48ቱ የአድራሻ ቢቶች የታችኞቹ 12ቱ በገጹ ውስጥ ያለውን ቦታ ይናገራሉ። የቀሩት 36ቱ ለአራቱ ደረጃዎች ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ይከፋፈላሉ። እንግዲህ አንዲት ባይት ለማንበብ በቅድሚያ አራት ጊዜ ሰንጠረዥ ማንበብ ሊያስፈልግ ነው።

ይህን በየንባቡ ማድረግ አይታሰብም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አንዴ የተረጎመውን ይይዘዋል። የኢንቴል ስካይሌክ ኮር ለምሳሌ ለባለ 4 ኪሎባይት ገጾች በመጀመሪያው ደረጃ የዳታ ቲኤልቢው 64፣ በሁለተኛው ደረጃ ደግሞ 1536 ትርጉሞች ይይዛል። 1536 በ4 ኪሎባይት ሲባዛ 6 ሜጋባይት ነው። ያን ያህሉን ሜሞሪ ሰንጠረዥ ሳይነካ ይደርስበታል ማለት ነው።

ወሳኙ ነገር ይኸውና። የዳታ ካሽን ሃርድዌሩ ራሱ ያስማማዋል፤ አንዱ ኮር ሲጽፍ ሌላው ያያል። ቲኤልቢ ግን እንዲህ አይደለም። የሰንጠረዡን መስመር ብትቀይሩት ቲኤልቢው ውስጥ ያለው አሮጌ ትርጉም እንዳለ ይቀመጣል። ንገሩኝ ባይ ነው። ነጋሪው ደግሞ ከርነሉ ነው፣ ማለትም እናንተ።

እርምጃ 1፦ ማጽዳት ያስፈልጋል ወይ?

ጀማሪ ሰው ሁልጊዜ ያጸዳል፣ ከርነሉም ይንቀራፈፋል። ትንሽ የተማረ ሰው ደግሞ መጽዳት ያለበትን ይተዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

አዲስ ገጽ ስትጨምሩ፣ ማለትም መስመሩ ባዶ ነበር አሁን ተሞላ ከሆነ፣ ኤክስ86 ላይ ማጽዳት አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ «የለም» የሚለውን መልስ ቲኤልቢ ውስጥ አይዝም። ይህን ግን ሪስክ-ቪ ወደሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እዚያ ባዶውንም መስመር መያዝ በመስፈርቱ ተፈቅዷል።

ፈቃድ ስትጨምሩ፣ ለምሳሌ ማንበብ ብቻ የነበረውን መጻፍም ሲቻል፣ ብትተዉት ጥፋት አይደርስም። የሚከፋው ነገር ቢኖር አንድ ትርፍ የገጽ ፎልት ነው፤ ፕሮሰሰሩ «በዚህ ትርጉም መቀጠል አልችልም» ብሎ ከርነሉን ይጠራል ማለት ነው። ኤክስ86 ላይ ፎልቱ ራሱ የዚያን አድራሻ አሮጌ ትርጉም ያስወጣል። የፎልት ተቀባያችሁ «ሰንጠረዡ ልክ ነው፣ ተመለስና ድገም» ማለት እስከቻለ ድረስ ደህና ናችሁ። «ሰንጠረዡ ልክ ሆኖ ፎልት እንዴት መጣ?» ብሎ ከርነሉን የሚገድል ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ገጹን ስታነሱ፣ ወደ ሌላ ፍሬም (ገጹ የሚያርፍበት የፊዚካል ሜሞሪ ቁራጭ) ስታዞሩ ወይም ፈቃድ ስትቀንሱ የግድ ማጽዳት አለባችሁ። ፎርክ ላይ፣ ማለትም አንድ ፕሮሰስ ራሱን አባዝቶ ልጅ ሲፈጥር፣ የወላጁን ገጾች ማንበብ ብቻ ስታደርጓቸውም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ወላጁ በአሮጌው ፈቃድ መጻፉን ይቀጥላል፣ ልጁም የወላጁን ጽሑፍ ያያል።

አንድ ስውር ጉዳይ ልጨምር። የመስመሩ 6ኛ ቢት ገጹ ተጽፎበታል ወይ የሚለውን ይመዘግባል። ገጹን ዲስክ ላይ ጽፋችሁ ቢቱን ዜሮ ካደረጋችሁ በኋላ ካላጸዳችሁ፣ ፕሮሰሰሩ «ይህንን ቢት ቀድሜ አብርቼዋለሁ» ብሎ ያስባል። ከዚያ በኋላ ሲጻፍበት ደግሞ አያበራውም። ቀጥሎ ከርነሉ «ገጹ ንጹህ ነው» ብሎ ይጥለዋል። የተጠቃሚው ጽሑፍም በዚያው ቀረ።

እርምጃ 2፦ አንድ ገጽ ማጽዳት

ለዚህ ትዕዛዙ ኢንቪኤልፒጂ ነው። አሴምብለሩ ላይ የሚጻፉት ፊደላት አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኤል፣ ፒ፣ ጂ ናቸው። ከ486 ጀምሮ አለ። በ386 ዘመን አንድ ገጽ ለይቶ ማጽዳት አይቻልም ነበር፤ ሁሉንም መጣል ነው።

መጀመሪያ የሰንጠረዡን መስመር ለውጡ። ከዚያ ኢንቪኤልፒጂን አስሩጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት፣ ባጸዳችሁና በለወጣችሁ መካከል ፕሮሰሰሩ አሮጌውን መስመር መልሶ ሊያነብ ይችላል። ፕሮግራሙ ባይነካው እንኳ ፕሮሰሰሩ በግምት ቀድሞ ሲሮጥ ይነካዋል። ስለዚህ «ማን ይነካዋል?» አትበሉ።

የሚሰጠው አድራሻ ቨርቹዋሉ ነው። ፊዚካሉን የሰጠ ሰው ምንም ስህተት አይታየው፣ ምንም ነገርም አልጸዳለት። የሰጣችሁት አድራሻ ባለ 2 ሜጋባይት ገጽ ውስጥ ከወደቀ የትልቁ ገጽ ትርጉም ይወጣል፤ ለየ 4 ኪሎባይቱ መደጋገም አያስፈልግም።

አሮጌውን መስመር ስታነሱ መጀመሪያ አንብባችሁ ቀጥሎ ዜሮ አትጻፉ። በሁለቱ መሃል ሌላ ኮር ገጹ ላይ ጽፎ 6ኛውን ቢት ሊያበራው ይችላል፤ ዜሯችሁ ያንን ያጠፋዋል። አንብቦ የሚተካውን ያልተከፋፈለ የልውውጥ ትዕዛዝ ተጠቀሙ። የድሮው ዋጋም ለኋላ ያስፈልጋችኋል።

በሲ የምትጽፉ ከሆነ ኮምፓይለሩንም ጠርጥሩት። ኢንቪኤልፒጂን በሲ ውስጥ በአሴምብሊ ስትከቱ ሜሞሪ እንደሚነካ የሚገልጸውን ምልክት ካላስገባችሁ፣ ኮምፓይለሩ የመስመሩን ለውጥ ከትዕዛዙ በኋላ ሊያሳልፈው ይችላል። ምንጩን ብታነቡት ልክ ነው። የተሰበሰበውን ኮድ ብታዩት ተገልብጧል።

እርምጃ 3፦ ሁሉንም ማጽዳት

ሲአር3 የሚባለው ሬጅስተር የሰንጠረዡን መነሻ አድራሻ ይይዛል። እሱን አንብባችሁ ያንኑ ዋጋ መልሳችሁ ብትጽፉት ቲኤልቢው ይጸዳል። ቀላል ነው።

ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። 8ኛ ቢታቸው የበራ መስመሮች ግሎባል ይባላሉ። ከፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ ያሉ ናቸው። የከርነሉ ገጾች በየፕሮሰሱ አንድ ስለሆኑ በየቅያሪው እንዳይጠፉ የተደረገ ነው። ሲአር3ን መቶ ጊዜ ብትጽፉት እነሱ ንቅንቅ አይሉም። እነሱንም ለማስወጣት የሲአር4ን 7ኛ ቢት አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት። የከርነል ካርታ ለውጣችሁ ለውጡ «አልይዝ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ነው።

አንድ በአንድ ይሻላል ወይስ ጠቅላላ? ሁለት ሦስት ገጽ ከሆነ አንድ በአንድ። ሺህ ገጽ ከሆነ ጠቅላላ። ድንበሩ የት እንደሆነ ክርክር አለው። አንድ በአንድ ሲበዛ ትዕዛዙ ራሱ ጊዜ ይበላል። ጠቅላላ ሲጸዳ ደግሞ የማይመለከታቸው ትርጉሞችም ሄደው እንደገና መጫን ይኖርባቸዋል። ሊኑክስ በኤክስ86 ላይ ሲነሳ የያዘው ድንበር 33 ገጽ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጠቅላላውን ይጥላል። እኔም 33ን ሳልከራከር ወሰድኩት።

እርምጃ 4፦ ፕሮሰስ ስትቀይሩ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲአር3ን በአዲሱ ፕሮሰስ ሰንጠረዥ ስትሞሉ ግሎባል ያልሆነው በሙሉ ይጸዳል። ለመጀመሪያ ይበቃችኋል። ወደ ከርነል ትሬድ (የራሱ የተጠቃሚ ሜሞሪ ወደሌለው የከርነሉ ሥራ) የምትቀይሩ ከሆነ ሲአር3ን ሳትነኩ ያለፈውን ሰንጠረዥ ይዛችሁ መቆየት ትችላላችሁ፤ የከርነሉ ክፍል በሁሉም ዘንድ አንድ ነውና።

ፒሲአይዲ የሚባል ነገር ትሰማላችሁ። ለየአድራሻ ቦታው ባለ 12 ቢት መለያ ይሰጣል፤ 4096 ዓይነት ማለት ነው። ሲአር3ን ስትጽፉ 63ኛውን ቢት ካበራችሁ የዚያ መለያ ትርጉሞች ሳይጸዱ ይቆያሉ። ሊኑክስ በ2017 በወጣው 4.14 ሥራ ላይ አዋለው፤ እሱም በየኮሩ ስድስት መለያዎችን ብቻ እያዟዟረ ነው። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆንና የከርነሉን ሰንጠረዥ ከተጠቃሚው መለየት ግድ ሲሆን ጥቅሙ ጎልቶ ታየ። ያለ እሱ በየሲስተም ኮሉ፣ ማለትም ፕሮግራም ከርነሉን በጠራ ቁጥር፣ ቲኤልቢ መጣል ነበር።

ለእናንተ ግን ምክሬ አንድ ነው። የሚከተሉት ሁለት እርምጃዎች ሳይሠሩላችሁ ፒሲአይዲን አትንኩት። ፕሮሰስ መቀየር በራሱ ማጽዳቱ ብዙ ጥፋታችሁን ይሸፍንላችኋል። ፒሲአይዲ ያንን ሽፋን ይገፍፈዋል።

እርምጃ 5፦ ሌሎቹን ኮሮች ማሳወቅ

ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ነው። ኢንቪኤልፒጂም ሆነ ሲአር3ን መጻፍ የሚያጸዱት የገዛ ኮራቸውን ብቻ ነው። ያው ፕሮሰስ ሁለተኛ ትሬዱ ሌላ ኮር ላይ እየሮጠ ከሆነ፣ እዚያ ያለው አሮጌ ትርጉም እንዳለ ነው። ስለዚህ ለዚያ ኮር ኢንተራፕት ልካችሁ «አንተም አጽዳ» ትሉታላችሁ። ከኮር ወደ ኮር የሚላከው ኢንተራፕት አይፒአይ ይባላል። ሥራው በሙሉ ደግሞ ሹትዳውን ይባላል፤ ተኩሶ መጣል እንደማለት ነው እንጂ ማሽን ከማጥፋት ጋር አይገናኝም።

ላኪው ኮር እንዲህ ይሠራል፦

1. የሰንጠረዡን ሎክ (ሁለት ኮር በአንዴ እንዳይለውጠው የሚያግደውን) ያዝ።
2. መስመሩን በልውውጥ ትዕዛዝ ዜሮ አድርግ፤ የድሮውን ዋጋ አስቀምጥ።
3. ይህን የአድራሻ ቦታ አሁን የጫኑትን ኮሮች ዝርዝር አንብብ።
4. በራስህ ኮር ላይ አጽዳ።
5. አድራሻውን ጥያቄ ሳጥኑ (ተቀባዮቹ የሚያነቡት የሜሞሪ ቦታ) ውስጥ ጻፍ፤ ቆጣሪውን በተቀባዮቹ ብዛት ሙላ።
6. አይፒአይ ላክ።
7. ቆጣሪው ዜሮ እስኪደርስ ጠብቅ።
8. ሎኩን ልቀቅ።

ተቀባዩ ሥራው አጭር ነው። ጥያቄውን ያነባል፣ ያጸዳል፣ ቆጣሪውን በአንድ ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ሥራው።

ከላይ በቁጥር 3 ያለው ዝርዝር ቀላል መስሎ ሰው ይጥላል። አንድ ኮር ወደዚህ ፕሮሰስ ሲቀየር መጀመሪያ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ያስገባል፣ ቀጥሎ ሲአር3ን ይጭናል። ሲወጣ ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ አዲሱን ሲአር3 ይጭናል፣ ቀጥሎ ስሙን ይሰርዛል። ከተገላበጠ ሰንጠረዡን ጭኖ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ኮር ይፈጠራል። ለእሱ ማንም ኢንተራፕት አይልክለትም። ላኪውም በበኩሉ መስመሩን ለውጦ ሳይጨርስ ዝርዝሩን ማንበብ የለበትም። ኤክስ86 ላይ የልውውጥ ትዕዛዙ ራሱ እንደ ሜሞሪ ፌንስ (የንባብና የጽሑፍ ቅደም ተከተል ማስከበሪያ) ስለሚያገለግል እሱን ከተጠቀማችሁ ተገላግላችኋል። ተራ ጽሑፍ ከተጠቀማችሁ ግን ፌንስ ጨምሩ።

የተጠቃሚ ገጽ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ላሉት ብቻ ላኩ። ሌሎቹ ሲመጡ ሲአር3 ሲጭኑ ይጸዳላቸዋል። የከርነል ገጽ ከሆነ ግን ለሁሉም ኮር ነው። ግሎባል ነዋ።

አሁን ስለ መቆላለፍ። ኮር 0 ሎኩን ይዞ የኮር 1ን መልስ ይጠብቃል። ኮር 1 ደግሞ ኢንተራፕት ዘግቶ ያንኑ ሎክ ይጠብቃል። ኢንተራፕት ስለዘጋ አይፒአዩ አይደርሰውም። ስለዚህ አይመልስም። ኮር 0ም ሎኩን አይለቅም። ሁለቱም እስከ ምጽአት ይጠባበቃሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። በሹትዳውን ጊዜ የሚያዝን ሎክ ኢንተራፕት ዘግታችሁ አትጠብቁ። ላኪውም መልስ ሲጠብቅ ኢንተራፕቱ ክፍት ይሁን፤ ሁለት ኮሮች በአንድ ጊዜ ሊላላኩ ይችላሉና። ይህ የማይመቻችሁ ከሆነ፣ የመጠበቂያው ዙር ውስጥ ሆኖ የራሱን ጥያቄ ሳጥን እያየ እንዲመልስ አድርጉ።

ኤክስ2ኤፒክ በሚባለው ሁነታ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 5 እና 6 መካከል ፌንስ አስገቡ። በዚያ ሁነታ መላኪያው ከቀደመው ጽሑፍ ሊቀድም ይችላል። ተቀባዩ ሮጦ መጥቶ ሳጥኑን ባዶ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ በየፕሮሰሰሩ አንድ አይደለም። ባለ 64 ቢቱ አርም የማጽጃ ትዕዛዙን ሃርድዌሩ ራሱ ለሌሎቹ ኮሮች የሚያዳርስበት ዓይነት አለው። ከኋላው ዲኤስቢ የሚባለውን ትዕዛዝ ጨምሮ መጨረሱን መጠበቅ ብቻ ነው። ኤኤምዲም ከዜን 3 ጀምሮ ይህን የሚመስል ትዕዛዝ አለው። በሪስክ-ቪ ግን ኤስፌንስ ቪኤምኤ የሚያጸዳው እንደ ኢንቴሉ የራሱን ኮር ብቻ ነው።

እርምጃ 6፦ ፍሬሙን መቼ እንመልሰው?

ሦስት ሌሊት የፈጀብኝ ይህ ነው። እኔ መስመሩን ዜሮ አደርጋለሁ፣ አይፒአይ እልካለሁ፣ ወዲያው ፍሬሙን ወደ ነጻ ዝርዝር እመልሳለሁ። መልስ አልጠብቅም ነበር። «ኢንተራፕት አይደል፣ ይደርሳል» ብዬ።

አከራይ እንደሆናችሁ አስቡት። ተከራዩ ለቀቀ። ቁልፉን ሳትቀበሉት ቤቱን ለሌላ ሰው አከራያችሁ። የድሮው ተከራይ ማታ መጥቶ ከፍቶ ቢገባ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔም ከርነል ያደረገችው ይህንኑ ነው። ኮር 2 ኢንተራፕቱን ለአፍታ ዘግቶ ነበር። እስኪከፍተው ድረስ ፍሬሙ ለሌላ ፕሮሰስ ተሰጥቷል። ኮር 2 ደግሞ በአሮጌው ቁልፍ ገብቶ የሰው ዳታ ያነባል።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ለውጡ፣ በሁሉም ኮር ላይ አጽዱ፣ የሁሉንም መልስ ተቀበሉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፍሬሙን መልሱ። በቁጥር 2 ያስቀመጣችሁት የድሮ ዋጋ የሚያስፈልገው አሁን ነው፤ ፍሬሙ የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ይኸው ሕግ ለሰንጠረዡ ገጾች ራሳቸውም ይሠራል። ፕሮሰሰሩ የመጨረሻውን ትርጉም ብቻ ሳይሆን የመሃል ደረጃዎቹንም ይይዛል። የባዶ ሰንጠረዥ ገጽ ሳታጸዱ ከመለሳችሁ፣ ፕሮሰሰሩ የሌላ ሰው ዳታ ላይ ሄዶ እንደ ሰንጠረዥ ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መገመት አይቻልም።

መጠበቁ ውድ ነው፤ አንድ ሹትዳውን በሺዎች የሚቆጠር ሳይክል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ አንድ ገጽ አንስቶ አንድ ጊዜ መላክ አያዋጣም። የሚመለሱትን ፍሬሞች በዝርዝር አከማቹ። ሁሉንም መስመሮች አንሱ፣ አንድ ሹትዳውን ላኩ፣ ከዚያ ዝርዝሩን በጅምላ መልሱ። ሊኑክስም እንዲሁ ነው የሚሠራው።

እርምጃ 7፦ መሞከር

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኪሙ መቆጣጠሪያ ላይ ኢንፎ ቲኤልቢ የሚል ትዕዛዝ አለ። ስሙ እንዳያታልላችሁ። ኤክስ86 ላይ የሚያሳያችሁ ቲኤልቢውን ሳይሆን የገጽ ሰንጠረዡን ነው። ሰንጠረዡን አንብቦ ይተረጉምላችኋል። እኔ «ልክ ነው» እያልኩ የተሞኘሁት በእሱ ነው።

ፈተናው እንዲህ ይሁን። አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሁለት ትሬድ አስነሱ፤ አንዱን ኮር 0 ላይ፣ ሌላውን ኮር 1 ላይ እሰሩ። ኮር 1 ያለው አንድ ገጽ ሳያቋርጥ ያንብብ። ኮር 0 ያለው ገጹን ያንሳ። ከማንሳቱ ከተመለሰ በኋላ ኮር 1 አንዴ እንኳ ሳይፎልት ካነበበ ወድቃችኋል። ይህን ብዙ ሺህ ጊዜ በዙር አስኪዱት።

ከዚህ ጋር የተመለሰን ፍሬም በሙሉ በታወቀ ቁጥር ሙሉት። ያ ቁጥር የሆነ ፕሮሰስ እጅ ላይ ከታየ የተረሳ ቁልፍ አለ ማለት ነው። ኮዱን በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ በሚያስሮጠው በሊኑክሱ ኬቪኤምም ሞክሩት። ኪሙ ብቻውን ሲሮጥ የራሱ የሶፍትዌር ቲኤልቢ ስላለው ባህርዩ ከእውነተኛው ይለያል። አንዱ ላይ ያለፈ ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የሊኑክስ ማሽን ላይ ሹትዳውን ምን ያህል እንደሚበዛ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ፕሮክ ሥር ያለውን የኢንተራፕቶች ፋይል ክፈቱ። ቲኤልቢ የሚል መስመር አለው። በየኮሩ ስንት ሹትዳውን እንደተቀበለ ይቆጥራል። ብዙ ትሬድ ያለው ፕሮግራም እያስኬዳችሁ ደጋግማችሁ ብታዩት ቁጥሩ ሲሮጥ ታያላችሁ።

ሃርድዌሩ ይሆን ጥፋተኛው ብላችሁ መጠርጠራችሁ አይቀርም። አንዴ ሆኖ ያውቃል። በ2007 የወጡት የኤኤምዲ ባርሴሎናና ፌኖም ቺፖች የራሳቸው የቲኤልቢ ጉድለት ነበረባቸው፤ ኢራታ 298 ተብሎ ተመዝግቧል። በባዮስ የመጣው መከላከያም ፍጥነታቸውን ጎተተው፤ የታረመው ቺፕ የመጣው በ2008 ነው። የእናንተ ግን ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ከመቶ የራሳችሁ ነው። የእኔም የራሴ ነበር።

ጥርጣሬያችሁን ለመለየት አንድ መቀያየሪያ ከርነሉ ውስጥ አስቀምጡ። ሲበራ እያንዳንዱ ማጽዳት፣ ትንሹም ትልቁም፣ በሁሉም ኮር ላይ ግሎባሉን ጨምሮ ጠቅላላ ይሁን፤ መልስም ይጠብቅ። ይንቀራፈፋል፣ ግድ የለም። ሲበራ ባጉ ከጠፋ አንዱ ቦታ ላይ ትንሽ አጽድታችኋል፣ ወይ ያልተጠበቀ መልስ አለ። ካልጠፋ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ጭራሽ ያልተጠራ ማጽዳት ካለ የመስመር ለውጦቻችሁን አንድ በአንድ ተከታተሉ፣ ሁሉም ከተጠሩ ደግሞ ቲኤልቢውን ተዉትና የፍሬም አከፋፋያችሁን ፈትሹ።